የግራዝማች ሀዳነ ዝናር

ሸምሲያ ሳሊም ከጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ቁልቁለቱን ስትወርድ ያያት ሰው ሁሉ ቤቷ የተቃጠለ መስሎት መንገድ ይለቅላት ነበር። ስልሳን ያለፈች፣ ጉልበቷን ሲብስባት ትራስ ደግፋ የምትተኛ ሴት፣ ያን ዕለት ጉልበት የሚባል ነገር እንዳላት ረስታ ነው የምትከንፈው። አንድ እጇ የሚንሸራተተውን ሻሿን ይዟል፤ ሌላው ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፏል።

“አመለወርቅ! አንቺ ልጅ፣ ትሰሚኛለሽ? እንዳይተኩስ! እንዳይተኩስ በይው!”

ስልኩ ጭጭ። ኮሶዬ ላይ ኔትዎርክ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል።

ልጇ መርዋ ከበሩ ላይ ሆና ጮኸች፤ “እማዬ፣ የዕድሩ መኪና እኮ ሦስት ሰዓት ነው የሚነሳው! ምን አስሮጠሽ?”

“ሦስት ሰዓት ከጠበቅሁ ሁለት ሬሳ ነው የምንቀብረው!” አለች ሸምሲያ፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ሊጋመስ ሲል ግራዝማች ሀዳነ ኮሶዬ ላይ አረፉ። ማዕረጉን በጃንሆይ ዘመን ያገኙ፣ ደርግ መጥቶ መሬታቸውን ሲወስድ ማዕረጉን ግን ከሰው አፍ ሊወስድባቸው ያልቻለ፣ እስከ ዘጠና ዓመታቸው ጅግራ ሲበር በጣታቸው ዓልመው “ጧ!” የሚሉ አዳኝ ነበሩ። ለሸምሲያ ደግሞ የጡት አባቷ ናቸው። በሕፃንነቷ ማር የነካ አውራ ጣታቸውን አጥብተዋት፣ “ከዛሬ ጀምሮ የሳሊም ልጅ ልጄ ናት” ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። እስላምና ክርስቲያን መሆናቸው በዚያ ላይ አንዲት ነገር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስለዚህ የግራዝማች ልጅ ማንያዘዋል ወንድሟ ነው፤ አመለወርቅም እህቷ።

ያችው አመለወርቅ ናት ጧት ላይ የደወለችላት። ሸምሲያ መርዶውን ማታውኑ ሰምታ ስለነበር “እግዜር ያጥናሽ” ብላ ማልቀስ ስትጀምር፣ አመለወርቅ አቋረጠቻት።

“እትዬ ሸምሲያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያች የነሐስ መለኪያ አለች አይደል፣ አባባ አረቄ ሲቀዱባት የነበረችው? ባሩድ ሲሞላባት እስከ አፏ ነው ወይስ ከውስጥ እስካለችው ጭረት?”

“ምን ባሩድ አለና ነው?”

“ማንያዘዋል ከክላሽ ጥይት አውጥቶ ነዋ! ሲሞላ አደረ። እሱ ‘አባቴ እስከ አፏ ነበር የሚሞሏት’ ይላል፤ እኔ ግን ልቤ ፈራ ፈራ አለብኝ፤ ምን—”

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሸምሲያም ጫማዋን እንደነገሩ አጥልቃ ወጣች።

ግራዝማች ከመሞታቸው በፊት የተናዘዙት አንዲት ነገር ብቻ እንደ ነበር አገር ያውቃል። “ከቤት ስወጣ የራሴ ብረት ትሸኘኝ” ነው ያሉት። የራሴ ብረት የሚሏት በአምስቱ ዓመት ከአንድ የጣሊያን መኮንን ድንኳን ማርከው ያመጧት፣ ጎን ለጎን ጥንድ አፈሙዝ ያላት፣ ሰደፏ ላይ ዳክዬ የተቀረጸባት የአደን ጠመንጃ ናት። ጥይቷ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። በእጅ ካልተሞላላት የምትጎርሰው የላትም።

ደግሞ ሆደ ባሻ ናት፣ ይችው ጠመንጃ። ለዱሮው ጥቁር ባሩድ የተሠራች ናት። ጥቁሩ ባሩድ ብዙ ይሞላል፣ ብዙ ያጨሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ይገፋል። የክላሹ ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው መለኪያ፣ በዚያው ልክ ከገባ ብረቱ አይችለውም። ይህን ሸምሲያ ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ልጅ ሳለች አንድ የዳባት አዳኝ የግራ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ፣ በቀኙ የተተረተረ ጠመንጃ ይዞ አባቷ ሱቅ ሲገባ ፋኖሱን የያዘችው እሷ ነበረች። ነጠላው ሲፈታ ያየችውን እስከ ዛሬ ለማንም አውርታ አታውቅም።

ከመናኸሪያው የደባርቅ መንገድ ሚኒባስ ቆሟል። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

“አንተ ልጅ፣ ተንቀሳቀስ እንጂ!”

“እማማ፣ ሁለት ሰው ይቀረኛል።”

“ሁለቱም እኔ ነኝ። ንዳ!”

ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው፤ መፋቂያውን ከጆሮው ላይ ሰክቶ ሞተሩን አስነሳ።

ከሾፌሩ ጎን ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞሩ። አያ ዳኛው ናቸው፣ የግራዝማች የአደን ጓደኛ፤ እሳቸውም ወደ ለቅሶው ነው የሚሄዱት።

“ምነው ሸምሲያ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሟች እንደሁ አይሸሽ!”

“ሟቹ አይደለም የሚያስሮጠኝ፣ አያ። የአባቴን ዕቃ ያስታውሱታል? የጥይት መሙያውን?”

“ምነው አላስታውስ! ቅዳሜ ገበያ መሃል የሥጋ መፍጫ ነው ብዬ የተወራረድሁ እኔ አይደለሁ?” አያ ዳኛው ሐዘናቸውን ለአፍታ ረስተው ሳቅ አሉ።

እውነታቸውን ነው። ግራዝማች ያኔ ወጣት ሳሉ ጠመንጃዋን ከነሣጥኗ ነበር የማረኳት። ሣጥኑ ውስጥ ግን ማንም የማያውቀው ኮተት ሞልቷል። ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ እጀታው የሚዞር አንድ የነሐስ ነገር አለ፤ አንዱ ቡና መፍጫ ነው አለ፣ ዳኛው የሥጋ መፍጫ ነው ብሎ በግ ተወራረደ። እንጨት እጀታ ያላትን ጽዋ የመሰለች ትንሽ ዕቃ አንድ ዲያቆን አገላብጦ አይቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተሰረቀች ናት ብሎ ሊያስከስሳቸው ምንም አልቀረው። ግራዝማች ተናደው ሣጥኑን ለቁራሌ ሊጥሉት ሲሉ ነው ሳሊም ከሰው መሃል የወጣው።

ሳሊም በጣሊያን ጊዜ የአንድ መኮንን የአደን ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። አንጥፎ ቁጭ አለና አንድ በአንድ እያነሳ አሳያቸው። ይህች መርፌ ባሩዱን ለኩሶ ያለቀውን ቆብ ከቀለሃው ቂጥ ትነቅላለች። ይህች ጽዋ ባሩድ ትለካለች፣ እጀታዋ ሲዞር ሆዷ ይጠብባል፣ ይሰፋል። ይህ ዘንግ ይጠቀጥቃል። ይህ ክብ መብሻ ባሩዱንና እርሳሱን የሚለየውን ክዳን ከወፍራም ጨርቅ፣ የላዩን ደግሞ ከወረቀት ይቆርጣል። ያ የሥጋ መፍጫ የተባለው ደግሞ ሁሉም ነገር ከገባ በኋላ የወረቀቱን ቀለሃ ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ሲጨርስ፣ “በጉን ማን ነው የሚያርደው?” ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሊምና ሀዳነ አልተለያዩም። ሸምሲያም ጣቷ መቀስ መያዝ ከቻለ ጀምሮ ክዳን ቆራጭ ሆነች።

“እና ዕቃው ምን ሆነ?” አሉ አያ ዳኛው።

“አባቴ ሲሞት ወደ ኮሶዬ ተመለሰ። ባሩዱም አለቀ። ግራዝማች መለኪያዋን ለአረቄ አዋሏት። አሁን ማንያዘዋል ከክላሽ ጥይት ባወጣው ዱቄት እስከ አፏ እየሞላ ዝናሩን ጢም አድርጎልዎታል!”

አያ ዳኛው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

“የአባቱ መለኪያ እኮ ነው፣ ሸምሲያ። አባቱ በለካበት ቢለካ ምን አጠፋ? ማንያዘዋልን ስንት ዓመት ነው የማውቀው፣ ጠመንጃ የሚያውቅ ልጅ ነው።”

“መለኪያ ምን ያውቃል፣ አያ! ያፈሰሱባትን ትይዛለች። ትናንት አረቄ ይዛ አልነበር? የዳባቱን ሰውዬ ረሱት?”

የዳባቱ ሰውዬ ሲነሳ ሽማግሌው ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ “ልጄ፣ በል እንግዲህ ርገጠው” አሉት።

መርገጥስ ቢፈልግ በየት በኩል! ከጎንደር ወጥቶ መንገዱ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር ጉሙ ወረደ። ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የመኪና መብራት እያየ ይጎተታል። ሸምሲያ ወንበሩን በእጇ እየገፋች መኪናውን የምታግዝ ይመስላታል። እየደጋገመች ትደውላለች፤ “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትል ሴት ድምፅ ብቻ ይመልስላታል። “አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ!” ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው።

የፈሩት አልቀረም፣ ከኮሶዬ በታች ካለው ጥምዝ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ጎማው ወጥቶ ሾፌሩ ከሥሩ ተኝቷል። አያ ዳኛው ገና “እንግዲህ እንጠብቅ” ሳይሉ ሸምሲያ ወርዳ የገብሱን ማሳ ድንበር ይዛ ሽቅብ ወጥታለች።

“ኧረ አንቺ ሴት፣ ልብሽ ይቆማል!” አሉ ሽማግሌው፣ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ ከኋላዋ።

“ይቁም! ዛሬ የእኔ ልብ አይደለም ጉዳዩ!”

ጭቃው ጫማዋን ሁለት ጊዜ ነጠቃት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ትታው ሄደች። ከላይ ከጉሙ ውስጥ የሽለላ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ተኩስ። ቆመች። እጇ ደረቷ ላይ ነው። ጠ-ጠ-ጠ የሚለው የክላሽ ነው፤ የመንደሩ ጎረምሶች ናቸው። የአባቷ ጓደኛ ጠመንጃ ድምፅ እንዲህ አይቆራረጥም። “አልሃምዱሊላህ፣ ገና ነው” አለችና እንደገና ወጣች። በተተኮሰ ቁጥር እንዲህ ስትቆም፣ ስታዳምጥ፣ ስትሮጥ ለቅሶው ሜዳ ደረሰች።

አገር ሙሉ ወጥቷል። በሜዳው አንድ ወገን የግራዝማች በቅሎ ካባቸውን ለብሳ፣ በወርቅ ቅብ ጌጧ፣ በመጣብሯ ተሸልማ ቆማለች። ከድንኳኑ ሥር ቃሬዛው አለ፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሬሳው ሊነሳ ነው። በወንዶቹ ቀለበት መሃል ማንያዘዋል ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። ትልቅ ሰው ነው፣ አዲ አርቃይ ላይ የጭነት መኪና ያለው፣ ለሰው የማይንበረከክ። አሁን ግን ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ድምፁ ተዘግቷል። ጥንድ አፈሙዟን ትከሻው ላይ አጋድሟታል። በወገቡ የአባቱ ዝናር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ነው፣ አንዲት ክፍት ቤት የላትም።

ሸምሲያ በቀጥታ ወደ እሱ ልትሄድ አንድ እግሯን ስታነሳ ሴቶቹ ያዟት። ወጉ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ታቅፎ ሳያለቅስ አያልፍም፤ የጡት ልጅ ስትሆን ደግሞ ጭራሽ። አመለወርቅ አንገቷ ላይ ወደቀች።

“ነገርሽው?” አለች ሸምሲያ በእንባው መሃል ጆሮዋን ይዛ።

“ነገርሁት። ‘ዛሬ የምክር ቀን አይደለም’ አለኝ። ልክ ቃሬዛው ሲነሳ ነው የሚተኩሰው። እትዬ፣ ወንድሜን!”

ሸምሲያ ጮኸች፤ በፉከራው መሃል ማን ይስማት! የወንዶቹን ቀለበት ጥሳ እንዳትገባ ትከሻ ለትከሻ የገጠመ ሁሉ ይመልሳታል። ተሸካሚዎቹ ከድንኳኑ ሥር ጎንበስ አሉ፣ ቃሬዛውን ሊያነሱ። ማንያዘዋል ጠመንጃዋን ከትከሻው አወረደ።

በለቅሶ ላይ ማንም የማያቋርጠው አንድ ሰው አለ፤ እሱም አልቃሽ ነው። ሙሾ የጀመረች ሴት ንጉሥም ቢሆን ቆሞ ይሰማታል። ሸምሲያ በሕይወቷ ሙሾ አውርዳ አታውቅም። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈች፣ ሽበቷን በትና ደረቷን መታች፣ ድምፅዋም ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከሜዳው በላይ ወጣ።

“አባቴ ሀዳነ የኮሶዬው ጌታ፣
ልጅህ ሊከተልህ እየሳበ ቃታ!”

ሴቶቹ ተቀበሏት። ወንዶቹ ዞሩ። ቀለበቱ ሳይወድ በግዱ ከፈት አለ። እሷም እየገባች ቀጠለች።

“የሳሊምን ባሩድ የለመደች ብረት፣
ዛሬ ሆዷ ገባ የማታውቀው እሳት!”

ጎረምሶቹ ነገሩ አልገባቸውም። ሽማግሎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ማንያዘዋል ጣቱ ቃታው አጠገብ እንዳለ ቀረ። እሷም ከፊቱ ደርሳ በባዶ እግሯ ቆመች።

“እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?”

“ክፈታት።”

“ምን?”

“ጠመንጃዋን ስበራትና ጥይቱን አውጣ፣ የእናቴ ልጅ።”

“በአባቴ ሬሳ ፊት?” ድምፁ ተሰነጠቀ። “ባዶ ብረት ይዤ ልሸኛቸው? የሀዳነ ልጅ ፈራ ሊሉኝ? በእሳቸው መለኪያ ነው የለካሁት! ከአፏ አንዲት ፍሬ አላሳለፍሁም!”

“አውቃለሁ። አንተ የአባትህን ወግ ነው የጠበቅኸው፤ ማን ሐሰት አለህ? መለኪያዋ ግን የጥቁሩ ባሩድ ናት። ያንተ ዱቄት በዚያች ልክ ከገባ በእጅህ ላይ ትፈነዳለች። ፊትህ ያለው እሷ ላይ ነው፣ ዓይንህ ያለው እሷ ላይ ነው።”

አንዱ ጎረምሳ ከኋላ፣ “ኧረ ተኩስ ማንያዘዋል፣ ከሴት ጋር ምን ትነታረካለህ!” አለ።

ያን ጊዜ አያ ዳኛው እያለከለኩ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ። ዘንጋቸውን በዚያ ጎረምሳ ደረት ላይ አሳረፉት። “አንተ አፍህን ዝጋ። ጠመንጃዋ ስትፈነዳ ምን እንደምታደርግ እኔ አይቻለሁ፣ አንተ አላየህም።” ወደ ማንያዘዋል ዞሩ፤ “ልጄ፣ ክፈታት።”

ማንያዘዋል ጠመንጃዋን ከመታጠፊያዋ ሰብሮ ከፈታት። ሁለቱን ጥይት አውጥቶ ለሸምሲያ ሰጣት። ክላሽ የያዘ ዘመድ መሣሪያውን ሊያቀብለው ሲል በእጁ መለሰው። “አባቴ በክላሽ አይሸኙም። ተናዘዋል።” ቀና ሲል እንባው ወረደ። “እንግዲያው በምን ልሸኛቸው? አንቺ ንገሪኛ!”

ሸምሲያ ዝናሩን አየችው።

“ይህ ሲገኝ ባዶ ነበር?”

“ባዶስ አልነበረም። የዱሮ ትንሽ ነበረች። ከእኔዎቹ ጋር ቀላቅዬ ሰካኋት። ምን ላድርግ፣ አገር በተሰበሰበበት የተበሳሳ ዝናር ታጥቄ ልውጣ? ሁሉንም በሰም ነው ያሸግሁት፣ አባባ እንደሚያሽጉት። አሁን እኔም አልለያቸውም።”

ነጠላዋን ሣሩ ላይ ዘረጋችና ተቀመጠች። “አውጣቸው።”

እሱ እያወጣ፣ እሷ በጥፍሯ የጥይቱን አፍ ሰም ትፍቃለች። ከሰሙ ሥር ክዳኑ ይታያል። ካህናቱ ያጉረመርማሉ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ መሄድ ይፈልጋሉ። ፍቃ ስታየው ቢጫ ካርቶን፣ የቢራ ሣጥን፤ የማንያዘዋል ሥራ ነው። ወዲያ አደረገችው። ሌላ፤ አሁንም የቢራ ሣጥን። ጥፍሯ ውስጥ ሰም ሞልቷል። እሷ ልጅ ሳለች የላዩን ክዳን የምትቆርጠው የሱቁ ድፍን ስኳር ከሚጠቀለልበት ሰማያዊ ወረቀት ነበር፤ አባቷ እጥፍ አድርጎ አጣብቆ ይሰጣታል፣ እሷ በመብሻው ትመታለች። በኮሶዬ ያን ወረቀት የያዘ ማንም የለም። በጎንደርም ዛሬ የለም።

“እትዬ፣ ከሌለ ይቅር” አለ ማንያዘዋል።

“ዝም በል፣ እየሠራሁ ነው!”

ከዝናሩ መጨረሻ አካባቢ አንዱን ስትፍቀው ሰማያዊ ወጣ። ጮኸች። ቀጥሎ ያለውም ሰማያዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ የቢራ ሣጥን ናቸው። ሁለት ብቻ። አያ ዳኛው እነዚያን ሁለቱን በመዳፋቸው ይዘው አገላበጧቸው፤ “ይህ የሳሊም እጥፋት ነው፣ ወላሂ!” አሉ፣ ክርስቲያን መሆናቸውን ረስተው።

አንደኛው አልገባም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የደጋ እርጥበት የጠጣ ወረቀት አብጦ አፈሙዙ በር ላይ ቀረ። ማንያዘዋል በግድ ሊገፋው ሲል ሸምሲያ እጁን መታችው። ሁለተኛውን ሲሞክር ቀስ ብሎ ተንሸራትቶ ገባ።

“ይኸም ያረጀ ነው” አለ ወንድሟ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እርግጠኛ ነሽ?”

እርግጠኛ አልነበረችም። ማን እርግጠኛ ይሆናል! ባሩዱ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። የምታውቀው የአባቷን እጅ ብቻ ነው።

“ከጎንህ እቆማለሁ” አለችው።

“አይሆንም።”

“ይሆናል። የሳሊም ሥራ ነው፤ የሳሊም ልጅ ካልቆመችለት ማን ይቆምለታል? በል፣ አባታችን እየጠበቁ ነው።”

ቃሬዛው ተነሳ። ማንያዘዋል አፈሙዙን ከገደሉ በላይ ወደ ሰማይ ቀጥ አደረገው። ሸምሲያ ትከሻዋን ከትከሻው አስጠጋች፣ ጉንጯ ከሰደፉ አንድ ስንዝር አይርቅም። ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን የቁርኣን አንቀጽ ሁሉ ቀራች።

ጠመንጃዋ ጮኸች። ከሆድ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ገደሉ ተቀብሎ ወዲያ ማዶ ወሰደው። ነጭ ጭስ ፈሰሰና ሁለቱንም ዋጣቸው፤ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ በሜዳው ላይ ተንሳፈፈ። ሽማግሎቹ ያን ሽታ ሲያገኙት ተነቃነቁ። “ይቺ ናት! የሀዳነ ብረት ይቺ ናት!” አሉ። የጎበዝ አለቃ የነበሩ ሰዎች እንኳ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሸምሲያ በጭሱ ውስጥ የወንድሟን ፊት በሁለት እጇ ዳበሰች፣ ቅንድቡን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፤ ከዚያ በቃ እንባዋ መጣ። ሳሊምን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም።

“ድገም!” አለ አንድ ድምፅ ከወንዶቹ መሃል።

“ድገመው! ጥንድ አፈሙዝ ናት፣ ጥንድ ይገባታል!”

“አንድ ብቻ? ለግራዝማች?”

ሜዳው ሁሉ “ድገም!” አለ። ያ ጎረምሳ ከነጠላው ላይ ካሉት የክላሽ ዱቄት የያዙ ጥይቶች አንዱን አንስቶ በማንያዘዋል መዳፍ ላይ አኖረለት። ማንያዘዋልም ጠመንጃዋን ከፍቶ ጥይቱን ጨበጠው። የሸምሲያ ሙሾም፣ ጩኸትም አልቋል። አመለወርቅ ከሴቶቹ መሃል ሆና በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ማንያዘዋል ወደ ተከፈተችው ጠመንጃ አየ፣ ወደ ወገቡ አየ። ዝናሩ ላይ አንዲት ጥይት የለችም፣ ቤቶቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተዋል። አገር ያያቸዋል።

ጥይቱን ወደ ነጠላው መልሶ ጣለው። ጠመንጃዋን እንደተከፈተች ለአያ ዳኛው አስረከበ። ሰዉ ገና “ድገም” እያለ ሳለ ባዶ ዝናሩን እንደታጠቀ ወደ ቃሬዛው ሄደ፤ ከፊት ከያዙት አንዱን በትከሻው ገፋ አደረገው።

“ዘወር በል” አለ። “አባቴን የምሸከምበት ሁለት እጅ አለኝ።”

ጫፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ከፍ አደረገው። ሸምሲያ ነጠላዋን ከነጥይቱ ቋጥራ አቀፈችው፣ ከአመለወርቅ ጋር ተደጋግፈው ከቃሬዛው ኋላ ሄዱ።